አንቺ ብልሽ ቅር ይልሻል?

አራሚው በዕድሜው አንድ ትልቅ ውሸት ዋሽቷል፤ የሚያስቀው ግን በዚያ ውሸት ውስጥ አንዲትም የሐሰት ቃል አለመኖሯ ነው። ይህን የሚያወራው ራሱ ነው። በራሱ ላይ ለመሳቅ ወረፋ የሚጠብቅ ሰው አይደለም፤ ሌላው አፉን ሳይከፍት እሱ ስቆ ይጨርሳል። "ከሚቀድሙኝ ልቅደማቸው" ይላል፣ በዚያች ክር በምታህል ድምፁ።

ጣጣው ሁሉ የመጣው ከድምፁ ነው። አምሳ አራት ዓመቱ ነው። ትከሻው በር ይሞላል፤ ሁለት ቀን ሳይላጭ ከዋለ አገጩ የጫማ ብሩሽ ይሆናል። አፉን ሲከፍት ግን የሚወጣው የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ድምፅ ነው። ተማሪ ሳለ ጓደኞቹ "ፊሽካ" አሉት፤ ቅጽል ስሙ አብሮት አድጎ ሸመገለ፣ ድምፁ እዚያው ቀረ። አውቶቡስ ውስጥ ከኋላ ሆኖ "እዚህ ጋ አውርደኝ" ሲል ሾፌሩ "እሺ እህቴ" ይለዋል። እሱም የተናገረችውን ሴት የሚፈልግ ይመስል ግራ ቀኝ እያየ ይወርዳል።

"ለምን?" ብሎ ለሚጠይቀው መልስ አያጣም። "በእናቴ ወገን ነው። የነሱ ወንዶች ጉሮሮ ጠባብ ነው። ተፈጥሮ ነው እንግዲህ፣ ምን ይደረጋል?" ይላል። ሐኪም ዘንድ ግን ሄዶ አያውቅም። ተፈጥሮ ከሆነ ሐኪም ምን ያደርግለታል፤ ካልሆነ ደግሞ ማወቁን አልፈለገም።

ሥራውንም የመረጠው ለዚሁ ነው። በአንድ ማተሚያ ቤት ፊደል ያርማል። አራሚ አይናገርም፤ ቀይ እስክሪብቶው ይናገርለታል። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ሰው "ልጅቷ መጣ" ብሎ የጻፈውን "መጣች" እያለ ሲያቃና፣ ወንዱን ወደ ወንድ፣ ሴቷን ወደ ሴት ሲመልስ ኖሯል። "በአንዲት ፊደል ስህተት 'ወለደች' የተባለ ጄኔራል ነበር። ያንን ሰው ከምጥ ያዳንኩት እኔ ነኝ" እያለ ይኩራራል። ድምፁም ቢሆን እዚያ ቤት ዋጋ አለው። የማተሚያ መኪናው ሲጮህ የወንዶቹ ሁሉ ድምፅ ይዋጣል፤ የሱ ግን ሰንጥቆ ያልፋል። መኪናው ወረቀት መብላት ሲጀምር ሮጠው የሚጠሩት እሱን ነው። "አቁም!" ይላል፤ መኪናው ይቆማል። ከዚያ ሁሉም ይስቃሉ፤ እሱም ቀድሟቸው ይስቃል።

ሚስቱ አዋላጅ ናት። የሷ ድምፅ ደግሞ ወፍራምና ሻካራ ነው። ሁለቱ ሲያወሩ ከግድግዳ ማዶ የሰማ ሰው ማን ባል፣ ማን ሚስት እንደሆነ ይምታታበታል። ከተጋቡ ጀምሮ ከአከራይ ጋር የምትከራከረው፣ ትምህርት ቤት ስብሰባ ላይ እጅ የምታወጣው፣ እንግዳ ሲመጣ የምትናገረው እሷ ናት። እሱ "ሚስቴ ትንገራችሁ" ብሎ ይቀመጣል። አንድ ቀን ግን "አንድ የከሸፈ ወንድ እኔ ቤት አለ" ብሎ ሲቀልድ ቆጣ አለችበት።

"ስማ፣" አለችው፣ "ሕፃን እጄ ላይ ሲወድቅ እኔ የማየው አንድ ነገር ብቻ ነው። አይቼ 'ወንድ ነው' እላለሁ፣ ወይም 'ሴት ናት' እላለሁ፤ በቃ። አያቱ ገና በሩ ላይ ሆነው 'እንደ አንበሳ አገሳ፣ ወንድ ነው' ይላሉ፤ ሴት ሆና ቁጭ! ልቅሶአቸው አንድ ነው። የቀረውን ሁሉ የምትጨምሩበት እናንተ ናችሁ።"

"እኔ ላይ መጨመር ረስተው ነው" አላት። ሳትፈልግ ሳቀች።

እንዲህ እየተሳቀ ተኖረና አንዲት ልጃቸው ለጋብቻ ደረሰች። እጮኛዋ ጨዋ ልጅ ነው፤ ሁለቱም ቤት ደስ ብሏቸዋል። የልጁ አባት ሚስታቸው የሞቱባቸው ጡረተኛ ርዕሰ መምህር ናቸው። አራሚው ቀልብ የሚጠይቅ ሥራ ሲሆንበት ወረቀቱን ይዞ ከሰዓት በኋላ ቤት ይሠራል። አንድ ቀን እንዲሁ ብቻውን ተቀምጦ ሲያርም የቤቱ ስልክ ጮኸ። አነሣው።

"ጤና ይስጥልኝ። የሙሽራው አባት ነኝ" አለ ከወዲያ በኩል፣ መስኮት የሚያንቀጠቅጥ ድምፅ። "ባለቤትዎ አሉ?"

አራሚው ሚስቱን የጠየቁት መሰለው። "የሉም፣ ሥራ ላይ ናቸው" አለ።

"ምንም አይደል። የጥሪ ካርዱን ቃላት እንዲያዩልኝ ብዬ ነበር። አራሚ ናቸው ሲባል ሰምቼ።"

ይሄኔ ገባው። አራሚው እሱ ነው፤ ስለዚህ ስልኩን የያዘው ማን ሊሆን ነው? "እኔ ነኝ እኮ" ለማለት አፉን ከፈተ። ይህን በዚህ ድምፅ ሲል፣ ከወዲያ በኩል የሚኖረውን ዝምታ፣ ከዝምታው በኋላ የሚመጣውን "አሃ… ይቅርታ" አሰበው። ያንን "አሃ" አርባ ዓመት ሙሉ ሰምቶታል።

"እነግራቸዋለሁ" አለና ዘጋው። እውነቱን ነው፤ ነገራቸው። ወዲያው ነገራቸው።

የሙያው ሰው ነውና ነገሩን ቁጭ ብሎ መረመረው። "እኔ" ጾታ የለውም። ሰው ስለ ራሱ እስካወራ ድረስ ቋንቋው ወንድ ነህ ሴት ነሽ አይለውም። "እርስዎ"ም የለውም፤ አክብሮት እንደ ሰፊ ካፖርት ውስጡ ያለውን አያሳይም። ጣጣው የሚመጣው ሌላው ሰው ሊቀርብህ ሲፈልግ ነው። ያኔ አንዱን መምረጥ አለበት። "ስለዚህ እስካልተቀራረብን ድረስ ወንጀል የለም" ብሎ ራሱን አሳመነ፣ ስህተት ያለበትን ገጽ አይቶ እንዳላየ እንደሚያልፍ አራሚ።

ርዕሰ መምህሩ ግን መቀራረብ ፈለጉ። በሳምንቱ ደወሉ፤ ስለ ካርዱ። ከዚያ ስለ አዳራሹ። ከዚያ ስለ ምንም። ሁልጊዜ የሚደውሉት ከሰዓት በኋላ ነው፤ ሁልጊዜ "ባለቤትዎ" ሥራ ላይ ናቸው፤ እውነትም ናት። በአራተኛው ስልክ ጉሮሯቸውን ጠራረጉና፣ "ይኸውልዎት፣ ዘመድ ልንሆን ነው። አንቺ ብልሽ ቅር ይልሻል?" አሉት።

አራሚው ከገጹ ላይ ቀና አለ። ቀይ እስክሪብቶው እጁ ላይ ነበር። ከካፖርቱ የሚወጣበት ሰዓት ይህ ነበር።

"ኧረ ምን ቆርጦኝ!" አለ።

ኃጢአቱ ይህቺ ናት። ሲያወራው እዚህ ላይ ሁልጊዜ ቆም ይላል፤ ግንባሩንም በመዳፉ ይመታል።

ከዚያ በኋላ የሰማው ነገር ግን ለሳቅ አይመችም። ርዕሰ መምህሩ "አንቺ" ማለት ሲጀምሩ ድምፃቸው ዝቅ አለ። ልጃቸው ቤቱን ለቆ ሲወጣ የሚመጣውን ዝምታ እንደፈሩት ነገሩት። ሚስታቸው በሞቱ በዓመቱ የሟችን ሹራብ ለብሰው ገበያ እንደሄዱ፣ ሽታው እንዳይለቅም አለማጠባቸውን ነገሩት። "ይሄ ለወንድ አይወራም" ይላሉ በየመሃሉ፤ "ላንቺ ግን ይወራል።" አራሚው በአምሳ አራት ዓመቱ ወንድ ልጅ "ፈራሁ" ሲል ሰምቶ አያውቅም ነበር። እሱም ራሱ ለማንም ብሎ አያውቅም።

አንድ ቀን ትልቁ ሚስጥር መጣ። ሟች ለወደፊት ምራታቸው ብለው የጠረጴዛ ዳንቴል ጀምረው ነበር፤ ሳይጨርሱት ሞቱ። ርዕሰ መምህሩ ኪሮሹን አነሡ። መጋረጃ ዘግተው፣ በር ቆልፈው፣ እየፈቱ እየሠሩ ሁለት ዓመት ታገሉት። "እናቱ ጨርሳው ነው የሞተችው ብዬ ነው የምሰጣት" አሉ። "አርባ ዓመት ተማሪ ያንቀጠቀጥኩ ሰው ዳንቴል ስሠራ ተገኘ ቢባል… ልጄም አያውቅ። ጠርዙ ግን ይታጠፍብኛል። ምን ላድርገው?"

አራሚው ስለ ዳንቴል የሚያውቀው ፊደሉን ብቻ ነው። በማግስቱ ማተሚያ ቤት ወደ ጥረዛ ክፍል ወረደና ዳንቴል የምታውቀውን ሠራተኛ ጠየቃት።

"ለማን ነው?" አለችው።

"ለጓደኛዬ ነው።"

"ጓደኛህ እጇ ይጠብቃል። ላላ አድርጊው በላት።"

"ላላ ያድርጉት" ብሎ በስልክ አስተላለፈ። ርዕሰ መምህሩ እንደ ተማሪ አመሰገኑ። አራሚው ስልኩን ዘግቶ ብቻውን ሳቀ፤ ሳቁ ግን መሃል ላይ ቆመበት። ጓደኛዬ ብሏል። እውነትም ሌላ ጓደኛ አልነበረውም።

ይሄኔ ነው ልጁ ዱብ ዕዳውን ይዛ የመጣችው። "አባዬ፣ እጮኛዬና አባቱ ከሦስት ሳምንት በኋላ ቅዳሜ ለምሳ ይመጣሉ። በዕለቱ የምትናገረው አንተ ነህ።"

"እናትሽስ?"

"እማዬን ሃያ አራት ዓመት ሰምቻታለሁ። እጮኛዬ 'አባትሽ መናገር ይችላል?' ብሎ ጠየቀኝ እኮ። አንተ ነህ የምትናገረው።"

በዚህ ድምፅ አንዲት "እንኳን ደህና መጡ" ቢል ሰውየው ያውቁታል። ሦስት ወር ሲያታልላቸው የከረመ ሰው ልጅ ለልጃቸው ሚስት ትሆናለች? ልጁን በገዛ አፉ ሊያስፈታት ነው፣ ገና ሳትጋባ። ስለዚህ አርባ ዓመት የሸሸውን አደረገ፤ የጉሮሮ ሐኪም ዘንድ ሄደ።

ሐኪሟ ከልጁ ጥቂት ዓመት ብትበልጥ ነው። ቀጭን ካሜራ አስገብታ አየችና ጓንቷን አወለቀች። "ጉሮሮዎ ምንም አልሆነም። ከበቂ በላይ የወንድ ጉሮሮ ነው" አለች።

"ጠባብ አይደለም? በእናቴ ወገን…"

"የእናትዎን ወገን ስም አያጥፉ። ተፈጥሮ ሥራዋን በጊዜው ጨርሳለች። ይሄ ልማድ ነው። ድምፅዎ ሊጎረንን ሲል የሆነ ነገር ይዞት ቀርቷል። በአሥራ ሦስት፣ በአሥራ አራት ዓመትዎ አካባቢ ምን ነበር?"

"ምንም" አለ። ከዚያ ወደ ቤት ሲመለስ አውቶቡስ ውስጥ ትዝ አለው። አሥራ ሦስት ዓመቱ ነበር። አባቱ ከሞተ ገና ሁለት ወሩ። ከጓዳ ሆኖ "ፎጣው የት ነው ያለው?" ብሎ ተጣራ፤ ድምፁ በዚያች ቅጽበት ተሰብሮ ወፍራም ሆኖ ወጣ፤ የአባቱ ድምፅ። ሳሎን የነበረችው እናቱ የያዘችውን ትሪ ጣለች። "መጣህ?" አለች። በሩ ላይ ሲደርስ ፊቷን አየው፤ ደስ ብሏት ነበር። ከዚያ እሱ መሆኑን አየች። ያ ፊት እንደዚያ ሲለወጥ ሁለተኛ ማየት አልፈለገም፤ ድምፁን ወደ ነበረበት መለሰው፣ እናቱም እስክትሞት አላወጣውም። ከሞተች በኋላ ደግሞ የት እንዳስቀመጠው ጠፋው። ሾፌሩ ሊያወርደው ሲቆም "እህቴ፣ ምን ሆነሽ ታለቅሻለሽ?" አለው። እንባውንም ሳቁንም ባንድ መሐረብ ጠረገ።

ሐኪሟ የሰጠችው ሥልጠና ቀላል ነበር። በአውራ ጣት ጉሮሮን ወደ ታች መጫን፣ መሳል፣ ሳሉን ወደ "አ" መለወጥ። ቤት እንዳይሰማበት በማተሚያ ቤቱ መጋዘን፣ በወረቀት ክምር መሃል ሲስል ሰነበተ፤ ዘበኛው የሳንባ በሽታ ይዞታል ብሎ ለሥራ አስኪያጁ ሊናገር ምንም አልቀረውም። በሁለተኛው ሳምንት ድምፁ መጣ። "እንኳን ደህና መጡ" አለ ለወረቀቱ፣ የሞተው አባቱ።

ቅዳሜ ደረሰ። በሩ ተንኳኳ፤ የዚያ የነጎድጓድ ድምፅ ባለቤት ከልጃቸው ጋር ገቡ፤ ትከሻው ላይ እንኳ የማይደርሱ፣ ኮት የከበዳቸው ደቃቃ ሰው!

"እንኳን ደህና መጡ። ይግቡ፣ ይቀመጡ" አለ አራሚው፣ በአባቱ ድምፅ።

ሚስቱ ከወጥ ቤት አንገቷን አወጣች። ልጁ ደግሞ ጠጋ ብላ "አባዬ፣ አሞሃል?" አለችው።

ርዕሰ መምህሩ ለሱ በቀዝቃዛ ጨዋነት "እንደምን ሰነበቱ፣ ጌታዬ" ብለው አለፉትና ሚስቱን ሲያዩ ፊታቸው በራ። "እንደምን ነሽ?" አሏት።

አዋላጇ ቅንድቧ ተነሣ። "ደህና ነኝ፤ እርስዎስ እንዴት ነዎት?" አለች በሻካራ ድምፅዋ።

"ምነው፣ ጉንፋን ነው እንዴ ድምፅሽን?"

"ከተወለድኩ ጀምሮ ጉንፋን ነው።"

ምሳው እንደምንም ተበላ። አራሚው በየመሃሉ "ይጨምሩ እንጂ" ይላል፤ ባለ ቁጥር አባቱ ወንበሩ ላይ የተቀመጠ እየመሰለው ይደነግጣል። ሳህኖቹ ሲነሡ ርዕሰ መምህሩ የተጠቀለለውን አወጡና ለሙሽሪት ሰጧት። "እናቱ ላንቺ ብላ የሠራችው ነው" አሉ፤ ለአዋላጇም የሚስጥር ያህል ራሳቸውን ነቅነቅ አደረጉላት።

ዳንቴሉ ተዘረጋ። ነጭ ነው፤ መሃሉ አበባ ያለበት። አዋላጇ መነጽሯን አድርጋ ዳሰሰችው።

"እንዴት ያምራል! ግን የሁለት ሰው እጅ ነው። ስፌት አውቃለሁ፣ ስንት ሰው ሰፍቻለሁ። መሃሉ የባለሙያ ነው፤ ዳሩን ደግሞ ጀማሪ ነው የጨረሰው። ማነው?"

የርዕሰ መምህሩ ፊት ደም መሰለ። "እመቤት" አሉ፣ "ይህ ካንቺ አይጠበቅም ነበር።"

"ምን አልኩ?"

"አምኜሽ የነገርኩሽን! በልጆቹ ፊት!"

"እርስዎ ለኔ? መቼ ነው የነገሩኝ?"

"ሦስት ወር ሙሉ!" ብለው ተነሡና ኮፍያቸውን ከመስቀያው አወረዱ። "በል ተነሥ፣ እንሂድ" አሉት ልጃቸውን። ልጁ አባቱን ያያል፣ እጮኛውን ያያል። የአራሚው ልጅ ዳንቴሉን በሁለት እጇ እንደያዘች ውሃ ሆነች።

"ኧረ ይቀመጡ!" አለ አራሚው በወፍራሙ።

"እርስዎ አይግቡበት!" አሉ ርዕሰ መምህሩ ዞረው ሳያዩት። "ይህ በኔና በባለቤትዎ መካከል ያለ ጉዳይ ነው!"

አዋላጇ ወደ ባሏ ዞረች። አራሚው በትዳር ዘመኑ ብዙ ዓይነት አስተያየት አይቷል፤ እንዲህ ያለ ግን አላየም። ዝም ቢል ይችል ነበር። "ሽማግሌው ተምታቶባቸው ነው" ይባልና ያልፋል፤ ወፍራሙ ድምፅም ዕድሜ ልኩን ለሱ ይቀራል። እኚያ ሰው ግን ቤታቸው ገብተው መጋረጃቸውን ይዘጋሉ፤ ሁለተኛ ለማንም "ፈራሁ" አይሉም። የግራ አውራ ጣቱን ከጉሮሮው ላይ አነሣ፤ ለካ ምሳውን ሙሉ እንደጫነው ነበር።

"እሷ ምንም አታውቅም" አለ፣ በዚያች ክር በምታህል ድምፁ። "ስልኩን የማነሣው እኔ ነበርኩ።"

ርዕሰ መምህሩ ኮፍያቸውን አንጠልጥለው ቆሙ። ቀስ ብለው ዞሩ። ትከሻውን አዩ፣ አገጩን አዩ፤ ከዚያ ማየቱን ትተው፣ እንደሚያዳምጥ ሰው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

"አንቺ ነሽ?" አሉ።

አራሚው "አሃ"ውን ጠበቀ። ልጁ ታየዋለች።

"እኔ ነኝ" አለ።

ከዚያ ርዕሰ መምህሩ ኮፍያቸውን መልሰው ሰቀሉ፤ ወንበራቸውን ስበው ተቀመጡ። ወደ አዋላጇ ዞረው፣ "ማነው የጨረሰው ብለው ጠይቀው ነበር" አሉ። "እኔ ነኝ።" ልጃቸው አፉን ከፍቶ ቀረ። አዋላጇ ግን ሻካራ ሳቋን ለቀቀችው፤ ሙሽሪትም እንባዋን በዳንቴሉ ጫፍ ልትጠርግ ስትል እናቷ እጇን ያዘችላት።

ርዕሰ መምህሩ የዳንቴሉን ጠርዝ ወደ አራሚው ገፋ አደረጉ። "ላላ አድርጌውም አሁንም ይታጠፋል" አሉ። "እስቲ…" አሉና ቆሙ። "እየው" ሊሉ ነበር፤ ከሦስት ወር ልማዳቸው ደግሞ "እዪው"ም አፋቸው ላይ ነበረች። አራሚው ሁለቱንም አያቸው፣ ቀይ እስክሪብቶውንም በልቡ አዘጋጀ።

"እስቲ አብረን እንየው" አሉ።

የሚታረም ነገር አላገኘም። ወንበሩን ጠጋ አደረገ።